ኮሮናና ጉበት፦ የላስ ቬጋስ ሐበሻ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ

ኮሮና ሳንባን እንደሚያጠቃ የማያውቅ የለም። ጉበትንም እንደሚነካ ግን ገና ከጅምሩ ነበር የታወቀው። በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ከቻይና ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ 1,099 ሕሙማንን መርምሮ ነበር። ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም በ22 በመቶው፣ ኤኤልቲ የተባለው ደግሞ በ21 በመቶው ላይ ከልኩ አልፎ ተገኘ። ከአሥሩ አንዱ ላይ ደግሞ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ከፍ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የተጻፈው ለቁጥር ያስቸግራል። ሲጠቀለል ግን አንድ ጥያቄ ነው። ኢንዛይሙን ያናጋው ቫይረሱ ራሱ ነው? ቫይረሱን ተከትሎ የመጣው ነገር፣ ማለትም የኦክስጅን እጥረት፣ የደም መርጋት፣ መድኃኒት ነው? ወይስ ሰውየው ከኮሮና በፊት ሳያውቀው ተሸክሞት የኖረው የጉበት በሽታ ነው? ሦስቱም ድርሻ አላቸው፤ ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም። እኔ እንደማየው ጤነኛን ጉበት ቫይረሱ ብቻውን የሚያጠፋው እምብዛም ነው። ቀድሞ የተጎዳን ጉበት ሲያገኝ ግን ምሕረት የለውም። ይህ ሦስተኛው ነገር ደግሞ በእኛ በሐበሾች መካከል ከሚገባው በታች የሚወራበት ነው።

ነገሩን ከላስ ቬጋስ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያች ከተማ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ይኖራል፤ የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች በ2023 ከዋናው የካዚኖ ጎዳና ከስትሪፑ በስተምዕራብ ያለውን የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የበዙበትን ሰፈር "ሊትል ኢትዮጵያ" ብለው በይፋ ሰይመውታል። ሕዝባችን የሚሠራው ሰው ከሚተራመስበት ቦታ ነው፦ ካዚኖ ውስጥ ዲለር፣ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፐር፣ ፓርኪንግ ላይ፣ ታክሲና ኡበር ላይ። በወቅቱ የኔቫዳ ገዢ የነበሩት ስቲቭ ሲሶላክ በማርች 17 ቀን 2020 ካዚኖዎቹ እንዲዘጉ ሲያዝዙ ከተማዋ በአንድ ሌሊት ጨለመች፤ በኤፕሪል የሥራ አጡ ቁጥር ከ30 በመቶ አለፈ። በጁን 4 ካዚኖዎቹ ሲከፈቱ ደግሞ ከመላው አሜሪካ የመጣውን እንግዳ ፊት ለፊት የተቀበለው ይኸው ሠራተኛ ነው። ከቤት ሆኖ መሥራት የሚባል ነገር ለካርድ አዳይና ለታክሲ ሹፌር አይሠራም።

አሁን ወደ ጉበቱ እንግባ። ጉበት ከልብ ከሚወጣው ደም ሩቡን ያህል ይቀበላል። ከዚህ ደም አብዛኛው የሚመጣው ግን በደም ቅዳ ቧንቧ ሳይሆን ከአንጀት ተነስቶ በፖርታል ደም መልስ በኩል ነው፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ ቀድሞውንም የቀነሰ ነው። ሳንባ ሲደክምና የደም ኦክስጅን ሲያሽቆለቁል ጉበት ከመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች አንዱ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ኮሮና ደምን ያረጋል። የጣሊያኗ ቤርጋሞ ሬሳ ማቆያ አጥታ ሬሳ በወታደር መኪና በሚጫንበት ጊዜ፣ የዚያው አገር ፓቶሎጂስቶች የ48 ሟቾችን ጉበት በማይክሮስኮፕ አዩ። ትናንሽ የጉበት ደም ሥሮች በረጋ ደም ተዘግተው፣ አንዳንዶቹም ከመጠን በላይ ሰፍተው ተገኙ። የጎላ የጉበት ሕዋሳት ብግነት ግን አላዩም። የደም ሥር ጉዳት እንጂ እንደ ተለመደው የሄፓታይተስ ቫይረስ ጥቃት አይመስልም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ በ40 ሟቾች ላይ የተደረገ ምርመራ ደግሞ ከአራቱ በሦስቱ ጉበት ላይ ስብ ተከማችቶ አገኘ። ያ ስብ ግን የኮሮና ሥራ ነው ወይስ ከውፍረትና ከስኳር የመጣ ነው? ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወፍራም ስለነበሩ ሬሳ ላይ ያንን መለየት አይቻልም።

ቫይረሱ ራሱስ? ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባው ኤሲኢ2 የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ነው። ይህ ፕሮቲን ጉበት ውስጥ በብዛት የሚገኘው በጉበት ሕዋሳት ላይ ሳይሆን በሐሞት ቱቦዎች ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የጠበቁት የሐሞት ቱቦ ጉዳት ነበር፤ ኢንዛይሞቹ ላይ ግን ያ አልታየም። የሐሞት ቱቦ ሲጎዳ የሚጨምረው አልካላይን ፎስፋቴዝ በአብዛኛው ልኩ ላይ ነበር። በ2022 ከሃምቡርግ የወጣ ጥናት በሟቾች ጉበት ናሙና ውስጥ 69 በመቶ ያህሉ ላይ የቫይረሱን አርኤንኤ አግኝቷል፤ ስለዚህ ቫይረሱ ጉበት ይደርሳል። መድረስና ማጥፋት ግን ለየቅል ናቸው። ከሞቱት ሰዎች የተወሰደ ናሙና ደግሞ ቤቱ ተኝቶ ስለዳነው ሰው የሚነግረን ጥቂት ነው። በእኔ እይታ የዚህ ዘርፍ ጥናት ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ ስለ ኮሮናና ጉበት የምናውቀው ከሞላ ጎደል ከጠና ሕመምተኛና ከሬሳ የተማርነው ነው።

አንድ የላብራቶሪ ወረቀት ቢነበብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በኮሮና ሆስፒታል የተኛ የአንድ ሰው ውጤት ለምሳሌ ይህን ቢመስል፦ ኤኤስቲ 68፣ ኤኤልቲ 52፣ ቢሊሩቢን 0.8፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 85፣ አልቡሚን 3.1። የሁለቱ ኢንዛይሞች የላይኛው ልክ 40 አካባቢ ነው። ሁለቱም ከፍ ብለዋል፤ ግን በብዙ አይደለም፤ አምስት እጥፍ አልደረሱም። ኤኤስቲ ከኤኤልቲ በልጧል፤ ይህ ለኮሮና የተለመደ ነው፤ ኤኤስቲ በጡንቻም ውስጥ ስላለ ሰውነቱን ሲቆረጥመው የከረመ ሰው ጡንቻም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሊሩቢን ደህና ነው። አልቡሚን ዝቅ ያለው ጉበት ስለከሸፈ ሳይሆን ሰውነት ሲቆጣ አልቡሚን ስለሚወርድ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሳምንታት በኋላ ሲደገም አብዛኛውን ጊዜ ተስተካክሎ ይገኛል። ኤኤልቲ 900 ቢሆንና ዓይኑ ቢጫ ቢመስል ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ያኔ "ኮሮና ነው" ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ፣ መድኃኒት፣ መርዝ መፈለግ አለበት።

ሞትን በተመለከተ ከሁሉ የጠራው መረጃ የመጣው ከ29 አገሮች በበይነ መረብ ከተሰበሰበ የሕሙማን መዝገብ ነው። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ኖሯቸው ኮሮና የያዛቸው 745 ሰዎች ተመዘገቡ፤ 386ቱ ጉበታቸው ጠንክሮ ሲሮሲስ የሆነባቸው ነበሩ። ሲሮሲስ ከሌላቸው የሞቱት 8 በመቶ፣ ሲሮሲስ ካለባቸው 32 በመቶ ናቸው። ሲሮሲሱ ቀላል በሆነበት 19 በመቶ፣ መካከለኛ በሆነበት 35 በመቶ፣ በጣም በከፋበት ደግሞ 51 በመቶ፤ ከሁለት ሰው አንዱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የገደላቸው ጉበት ሳይሆን ሳንባ ነው። በሌላ በኩል ጉበት የተነቀለላቸውና የተተካላቸው 151 ሰዎች ንቅለ ተከላ ካላደረጉ ሌሎች ታካሚዎች ይልቅ በሞት አልተጎዱም። መከላከያቸውን የሚያዳክም መድኃኒት እየዋጡ ሳለ ይህ መሆኑ ያኔ ብዙ ሐኪም አስገርሟል። እኔ ይህን የምወስደው የሚያስፈራው የጠነከረው ጉበት እንጂ ክትትል ያለው ሰው አለመሆኑን እንደሚያሳይ ነው። ክትትል የሌለው ሰው ደግሞ ሲሮሲስ እንዳለበት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ቤታችን የሚመጣው። በኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሰው "የጉበት ቫይረስ" የሚለው፣ በብዙ ጥናቶች ድምር ግምት ከሕዝቡ 7 በመቶ ያህሉ ላይ ይገኛል። ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ላስ ቬጋስ ውስጥ መኪና የሚነዳውና ክፍል የሚያጸዳው ጎልማሳ አገር ቤት ያልተከተበ ትውልድ ነው። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በልጅነት ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ወይም ልጆች ሲጫወቱ በቁስል፣ በምላጭ፣ በደም። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳይሰማ ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። የሚሰማው ሲሮሲስ ወይም የጉበት ካንሰር ሲሆን ነው። በጉርሻ አይተላለፍም፤ ከአንድ ማዕድ በመብላትም አይተላለፍም። ይህን መጻፍ የግድ የሚሆነው "ጉበት ቫይረስ አለበት" የተባለ ሰው ሳህኑ ለብቻው የሚቀመጥበት ቤት ዛሬም ስላለ ነው።

በዲቪ የመጣ ወገን ብዙውን ጊዜ "ለቪዛ ስንመጣ ሁሉንም ተመርምረናል" ይላል። አልተመረመረም። ለቪዛ የሚደረገው ምርመራ የሳንባ ነቀርሳንና አንዳንድ የአባለዘር በሽታዎችን ይመለከታል፤ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ የግዴታው አካል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ተብሎ የተሳፈረ ሰው ቫይረሱን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አላየለትም።

ኮሮና ከዚህ ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን ቀስ በቀስ አጠንክሮ ከነበረ፣ ከላይ ያየነው 19፣ 35፣ 51 በመቶ ላይ ያደርሰዋል። ሁለተኛው የሕክምናው ጉዳይ ነው። በጁን 2020 የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ዴክሳሜታሶን የተባለው ርካሽ ስቴሮይድ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉ ታካሚዎች ሞትን በሲሶ እንደሚቀንስ አሳወቀ፤ ዓለም ሁሉ ያንኑ መስጠት ጀመረ፤ ትክክልም ነበር። ስቴሮይድና እንደ ቶሲሊዙማብ ያሉ መድኃኒቶች ግን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያቀዘቅዙ ተኝቶ የነበረ ሄፓታይተስ ቢ ሊነቃ ይችላል። ለአሥር ቀን በሚሰጥ ዴክሳሜታሶን አደጋው አነስተኛ ነው፤ ቫይረሱ በደሙ ላለ ሰውና ተደራራቢ መድኃኒት ለሚወስድ ግን ከፍ ይላል። መፍትሔው ስቴሮይዱን መከልከል አይደለም። ቫይረሱ መኖሩ ከታወቀ ቴኖፎቪር ወይም ኤንቴካቪር አብሮ ይሰጣል፤ አለቀ። ካልታወቀ ግን ሰውየው ከኮሮና ድኖ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል፤ ዘመድም "ኮሮና ጉበቱን በላው" ይላል።

አገር ቤትም ሥራው ተጀምሯል። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተከፈተው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከአንድ ሺህ በላይ ታካሚዎችን መዝግቦ ሲከታተል ቆይቷል፤ ከአፍሪካም ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። አዲስ አበባ የሚቻል ነገር ላስ ቬጋስ እንዴት ያቅታል?

መድኃኒትን ካነሳን፣ ከኮሮና መድኃኒቶች ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ታይለኖል ነው። ሬምዴሲቪር ኢንዛይም እንደሚያስጨምር ይታወቃል፤ ሐኪም ግን ከመጀመሩ በፊት ጉበትን ይመረምራል፤ ኢንዛይሙ እጅግ ከፍ ካለ ያቆማል። ፓክስሎቪድም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጣላል፤ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው የሚወስደውን ታክሮሊመስን በደም ውስጥ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም አይነካም። እነዚህ ሁሉ በሐኪም እጅ ናቸው። ታይለኖል ግን ዎልግሪንስ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነው።

ታይለኖል አገር ቤት ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል የምንለው ራሱ ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ጉበቱ ለጠነከረ ወይም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ሐኪሞች ወደ 2 ግራም ያወርዱታል። አንድ ሰው በኮሮና ተይዞ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ኤክስትራ ስትሬንግዝ የተባለውን ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ሁለት ሁለት እያደረገ በየስድስት ሰዓቱ ይውጣል። ይህ ብቻውን 4 ግራም ነው። ሳሉ አላስተኛ ሲለው ደግሞ ናይኩዊል ይጨምራል፤ ናይኩዊል በአንድ መጠን ውስጥ 650 ሚሊ ግራም የዚያኑ መድኃኒት ይዟል። በቀን አራት ጊዜ ከወሰደው ድምሩ 6.6 ግራም ይደርሳል። ሰውየው ሁለት የተለያየ መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ ጉበቱ የሚቆጥረው ግን አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጉበትን በድንገት ከሚያከሽፉ ምክንያቶች ቀዳሚው ይህ መድኃኒት ከልክ በላይ መወሰዱ ነው፤ ካንሰርም፣ ቫይረስም፣ ኮሮናም አይደለም። ልኩ እስካልታለፈ ድረስ ደግሞ በጣም ደህና መድኃኒት ነው።

ወጥ ቤታችንንም ሳልነካ አላልፍም። በ2020 ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም ያልፈላበት የሐበሻ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር፤ በማርች ወር የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ የአገር በቀል መድኃኒት ለሙከራ መቅረቡን ማስታወቁም ነገሩን አሙቆታል። ሻይ ውስጥ የገባ ዝንጅብል ጉበት አይጎዳም፤ ወጥ ውስጥ የገባ እርድም እንዲሁ። ጉዳት ሲመዘገብ የቆየው በክኒን ተጨምቆ በሚሸጠው ላይ ነው። የእርድ ካፕሱልና የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ክኒን በአሜሪካ የጉበት ጉዳት መዝገቦች ውስጥ ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሳ ነው። "ተፈጥሯዊ" የሚለውን ጽሑፍ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ላስ ቬጋስን ለዚህ ጥያቄ ልዩ የሚያደርጋት በውሃ የመጣው ታሪክ ነው። በኖቬምበር 2020 የኮሮናው የክረምት ማዕበል ከተማዋን እየናጣት ሳለ፣ ከሰባት ወር ሕፃን እስከ አምስት ዓመት ልጅ ያሉ አምስት ሕፃናት ጉበታቸው በድንገት ከሽፎ ሆስፒታል ገቡ። ከሄፓታይተስ ኤ እስከ ኢ ተመረመረ፤ አንዱም አልተገኘም። የከፋ ቢመጣ ለንቅለ ተከላ እንዲታዩ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ። እንደ እድል ሆኖ አምስቱም ዳኑ። ሁሉም ጆሮ ወደ ኮሮና ባዘነበለበት በዚያ ወቅት ነገሩን "ቫይረሱ ያደረገው ይሆናል" ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። የደቡብ ኔቫዳ ጤና ዲስትሪክት ሠራተኞች ግን ቤት ለቤት የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ። ቤተሰቦቹን ያገናኘው ሪል ዎተር በሚል ስም ይሸጥ የነበረ አልካላይን ውሃ ሆኖ ተገኘ፤ ለጤና ይበጃል እየተባለ በትልልቅ ጋሎን ቤት ድረስ የሚመጣ ውሃ። በማርች 2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕዝቡ እንዳይጠጣው አስጠነቀቀ፤ ውሃው ከገበያ ተነሳ። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክሩ ላይ ሃይድራዚን የተባለ፣ ለሮኬት ነዳጅ የሚያገለግል ጉበት መራዥ ኬሚካል ውሃው ውስጥ መገኘቱ ቀርቧል። በኦክቶበር 2023 የላስ ቬጋስ ዳኞች ለተጎጂዎች ከ228 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረዱ። ከከሳሾቹ መካከል የሞተች ሴት ቤተሰቦችም ነበሩ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛም አገር ተመሳሳዩ ሆኗል። በትግራይ ሰሜን ምዕራብ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ከ2001 ጀምሮ ሆዳቸው እየተነፋ የሚሞቱ ሰዎች በዙ። ለዓመታት "ያልታወቀ የጉበት በሽታ" ተብሎ ቆየ። ብዙ ከተደከመ በኋላ ተመራማሪዎች የጠቆሙት ቫይረስን ሳይሆን ከእህል ጋር የሚቀላቀል፣ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ መርዝ ያለውን አረም ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያም ምክንያቱ ሳይታወቅ ጉበታቸው ከሚጠነክር ሰዎች መካከል ጫት የሚያዘወትሩት መብዛታቸውን በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

በኤፕሪል 2022 ከስኮትላንድ ተነስቶ ዓለምን ያስደነገጠው የሕፃናት ሄፓታይተስም ያንኑ ትምህርት ይዞ መጣ። እስከ ጁላይ ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት ከ35 አገሮች 1,010 ሕፃናትን መዝግቦ፣ 22ቱ ሞተው ነበር። ኮሮና ነው ተባለ፤ የኮሮና ክትባት ነው የሚልም ነበር፤ ከልጆቹ አብዛኞቹ ግን ለክትባት ያልደረሱ ሕፃናት ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ኔቸር ላይ የወጡ ጥናቶች ጣታቸውን የቀሰሩት በሌላ ቫይረስ ላይ ነው፤ ኤኤቪ2 በሚባል፣ ብቻውን መራባት የማይችልና አዴኖ ቫይረስን በመሰለ አጋዥ የሚባዛ ቫይረስ ላይ።

ስለ መጠጥ ባጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሞት በ2019 ከነበረው 78,927 በ2020 ወደ 99,017 አድጓል፤ በአንድ ዓመት ሩብ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ሥራ አጥቶ ቤት የተዘጋበት፣ ኪራይ የተጠራቀመበት ሰው ጠርሙስ ቢያነሳ አይደንቅም። በወረርሽኙ ዘመን የተበላሸ ብዙ ጉበት በኮሮና ሳይሆን በዚህ የተበላሸ ነው፤ ሆኖም በየቤቱ ሲወራ ተጠያቂው ኮሮና ነው፤ ስሙን ማንሳት ስለማያሳፍር ይመስለኛል።

ይህን ስል ኮሮናን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሳምንታት በመተንፈሻ ማሽን ከቆዩት መካከል ጥቂቶቹ ከዳኑ በኋላ የሐሞት ቱቧቸው እየጠበበና እየተበላሸ ይሄዳል። ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ከተኙ 2,047 ሕሙማን 12ቱ ላይ ይህ ታይቷል፤ አንዳንዶቹ ለንቅለ ተከላ ደርሰዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ግን አይመለስም። ይህ በእውነት የኮሮና ሥራ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነው። ቀላል ኮሮና ይዞት ለዳነ ሰው ግን ጉበቱ በቋሚነት ይጎዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ስለ ክትባቱም፦ ከተከተቡ በኋላ ሰውነት የገዛ ጉበቱን የሚያጠቃበት ሄፓታይተስ የታየባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፤ በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በሕክምና ተሽሏቸዋል። የአውሮፓም የአሜሪካም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት የጉበት በሽተኛ እንዲከተብ ነው የሚመክሩት፤ የሲሮሲሱን 32 በመቶ ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ላስ ቬጋስ የጉበት ነገር የጎዳት ከኮሮና በፊትም ነው። በፌብሩዋሪ 2008 የጤና ዲስትሪክቱ አንድ የኢንዶስኮፒ ክሊኒክ መርፌና የማደንዘዣ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ደጋግሞ በመጠቀሙ ሄፓታይተስ ሲ መተላለፉን አሳውቆ፣ ወደ 40 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ተመርመሩ የሚል ደብዳቤ ላከ። ያኔ ሰው ተሰልፎ ተመረመረ። ለሄፓታይተስ ቢ ደብዳቤ የሚልክልን የለም፤ ራሳችን መጠየቅ አለብን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በማርች 2023 ዕድሜው 18 የሞላው ሰው ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሦስት ዓይነት የደም ምርመራ እንዲታይ መክሯል፦ ቫይረሱ አሁን አለ ወይ፣ መከላከያ አለኝ ወይ፣ ከዚህ በፊት ይዞኝ ያውቃል ወይ የሚሉትን ለመለየት። አንድ ጊዜ ደም ተቀድቶ ሦስቱም ይታያሉ። ዶክተራችሁ ጋ ስትሄዱ "ሄፓታይተስ ቢ፣ ሦስቱንም" ብላችሁ ጠይቁ፤ ኮሮና ይዟችሁ ኢንዛይማችሁ ከፍ ብሎ ከነበረ ደግሞ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ነጻ ከሆናችሁ በዲኬተር መንገድ ያለው የጤና ዲስትሪክቱ ክሊኒክ ክትባት ይሰጣል። ቫይረሱ ከተገኘባችሁ መድኃኒቱ በቀን አንድ ክኒን ነው፤ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁንም አስመርምሩ።